ንጉሥ የተከሰሰበት አገርም ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የታሪክ ዓምድ ላይ ስለ ጥንት መንግሥታት የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ አንዴ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ሁለተኛ ማታ እቤት ገብቼ፣ ምክንያቱም የሆነ ነገር ሲቆረቁረኝ ዋለ። ጸሐፊው ከፈርዖን ጀምሮ ባቢሎንን ፋርስን ምናምን አዞረንና መጨረሻ ያረፈው እዛው አያቶቻችን ያሉት ላይ ነው፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። የጥንት ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚኖረው ይለናል፣ ንጉሥ ይነግሣል፣ ይሞታል፣ ልጁ ይተካል፣ ከዛ አንድ ቀን ግሪኮች ነቁና ንጉሣቸውን አባረው ዴሞክራሲ አመጡ። አለቀ።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬን የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ የጨረስኩ፣ ስለዚህ ታሪክም ሳነብ ዓይኔ ከዘውዱ ይልቅ ካዝናው ላይ ነው የሚያርፈው። ቁልፉን ማን ያዘ፣ ማን ቆጠረ፣ ሲጎድል ማን ተጠየቀ። በዚህ ዓይን የግሪኮቹን ከተማ የአቴንስን ነገር ካያችሁት «ነቁና አባረሩ» የሚለው ትንሽ ያስቃል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ካልተናገርኩ በቀር ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፣ ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው እንዳትደናገሩ።)

አቴንሶች ንጉሣቸውን አላባረሩም፣ ሸራረፉት። እንደ ድፎ ዳቦ ጥግ ጥጉን እየቆረሱ ጨረሱት። ራሳቸው በሚያወሩት ትውፊት መጀመሪያ ጦሩን ወሰዱበትና ፖሌማርኮስ ለሚባል አዛዥ ሰጡት፣ ቀጥሎ አስተዳደሩን ወስደው አርኮን ለሚባል ሹም ሰጡት፣ አርኮኑም በመጀመሪያ እስኪሞት ነበር የሚቀመጠው፣ በኋላ ለ10 ዓመት ሆነ፣ ከ683 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ የሚቀየር ሆነ። ንጉሡስ የት ገባ? እዛው አለ እኮ! ባሲሌዎስ የሚለው ማዕረግ አልጠፋም፣ በኋላ ዘጠኝ ከሆኑት አርኮኖች አንዱ ሆኖ ለአንድ ዓመት የሚቀመጥ፣ መሥዋዕትና ክብረ በዓል የሚያስፈጽም፣ የነፍስ ግድያና የሃይማኖት ክስ የሚቀበል ሹም ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ንጉሥ ይሉታል፣ ዓመቱ ሲያልቅ በል ወደ እርሻህ ይሉታል። ሶቅራጥስ በ399 የከተማውን አማልክት አላከበርክም ተብሎ ሲከሰስ ፋይሉ መጀመሪያ የተከፈተው እዚህ «ንጉሥ» ዘንድ ነው፣ የንጉሡ አዳራሽ በሚሉት ቤት፣ ፍርስራሹ ዛሬም አቴንስ የጥንቱ ገበያ ዳር ይታያል።

ይቺን ቃል ደግሞ እኛም እናውቃታለን። ባስልዮስ ብለን ሰው የምንሰይምባት ስም የመጣችው ከዚችው ቃል ነው፣ የአክሱም ነገሥታትም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው መቶ ዓመት ሳንቲም ማስመታት ሲጀምሩ የወርቁ ላይ ስማቸውን በግሪክኛ ጽፈው ባሲሌዎስ የሚለውን ነው ያስከተሉት። ያው ቃል አክሱም ላይ ጌታውን ራሱን ነው የሚጠራው፣ አቴንስ ላይ ግን የአንድ ዓመት ሠራተኛን። እንዲያውም ከልደት በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት ከተመቱት የአክሱም ነሐስ ሳንቲሞች ባንዱ ላይ «ይህ ለአገሩ ደስ ይበለው» የሚል ተጽፎበታል፣ ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል፣ የማይከሰስ ንጉሥ የሕዝብ ደስታ ምን አስጨነቀው? ይቅር፣ ይሄ ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል።

ወደ አቴንስ ልመለስ። ንጉሡን ሸራርፈው ጨረሱ ማለት ሕዝቡ ገዛ ማለት እንዳይመስላችሁ። ሥልጣኑ የሄደው ወደ ባላባቶቹ ነው፣ እነሱ ደግሞ ገበሬውን በእዳ ያዙት። የዛን ጊዜ ተበዳሪ መያዣ ካጣ ገላውን ነበር የሚያስይዘው፣ ካልከፈለ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል፣ ልጆቹም እንደዛው። በ594 ሶሎን የሚባለውን አስታራቂ አድርገው ሾሙት፣ እሱ ደግሞ እዳውን ሰረዘና ከእንግዲህ ሰው በገላው መበደር አይችልም አለ፣ ሥልጣንንም ከዘር አውጥቶ በምርት አደረገው፣ በዓመት 500 መስፈሪያ የሚያስገባ አንደኛ ደረጃ፣ 300 የሚያስገባ ሁለተኛ፣ 200 የሚያስገባ ሦስተኛ፣ ከዛ በታች ያለው ደግሞ ሹመት አያገኝም ግን ጉባኤ ገብቶ ድምፅ ይሰጣል፣ ፍርድም ላይ ይቀመጣል። ሁለቱንም ወገን አስቀየመ፣ ሀብታሙ ብዙ ወሰድክብኝ አለ፣ ድሃው መሬቱን ለምን አላከፋፈልክም አለ፣ እሱ ሕጉን ሰጥቷቸው ለ10 ዓመት አገር ጥሎ ሄደ። ብልህ ሰው ነው፣ እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የማደርገው።

ከዛ የመጣው ፒሲስትራቶስ ነው፣ ይሄ ሰውዬ ለብቻው ድራማ ይወጣዋል። ራሱን አቁስሎ ገበያ መሃል ገባና ጠላቶቼ ሊገድሉኝ ነበር ብሎ ጮኸ፣ ሕዝቡ አዘነለትና ዱላ የያዙ ጠባቂዎች ፈቀደለት፣ በነዛው ጠባቂዎች አክሮፖሊስን፣ የከተማውን ኮረብታ ምሽግ፣ ያዘ። ተባረረ። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚያወራው አንዲት ረጅም መልከ መልካም ሴት የጦር ልብስ አልብሶ ሠረገላ ላይ አወጣትና አቴና የምትባለው ጣኦታቸው ራሷ መልሳ ታመጣዋለች አስባለ። ሰውም አመነ። አሁንም ተባረረና በ546 ለሦስተኛ ጊዜ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 527 ድረስ ያዘው።

ለኔ ጉዳይ የሚሆነኝ ግን ስለ አገዛዙ የሚነገሩት ሁለት ታሪኮች ናቸው። አንደኛው፣ ገጠር ሲዞር አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ብቻ የሆነ መሬት ሲቆፍር አየና ከዚህ ምን ታገኛለህ ብሎ አስጠየቀው፣ ሽማግሌው ማን መሆኑን ሳያውቅ «ሕመምና ድካም፣ ከሱም ላይ ፒሲስትራቶስ አሥራቱን ይውሰድ» አለ። ፒሲስትራቶስ ሳቀና ግብር ሁሉ ማረው። ጥሩ ሰው አይደል? ሁለተኛውን ስሙ። አንድ ቀን በነፍስ ግድያ ተከሰሰና ፍርድ ቤት ቅረብ ተባለ፣ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ቀረበ፣ የሶሎንን ሕግ አልሻርኩም ባይ ነበርና። ከሳሹ ግን ፈርቶ ቀረ። ሕጉ አለ፣ ችሎቱ አለ፣ ዳኛው አለ፣ ተከሳሹም መጥቷል፣ ከሳሽ የለም። ንጉሥ አይከሰስ ማለት አንዳንዴ ይሄ ነው፣ የሚከለክል አንቀጽ ሳይኖር የሚከስ ሰው ሲጠፋ። ሁለቱንም ያቆዩልን አርስቶትል ወይ ተማሪዎቹ ጻፉት በሚባለው የአቴንስ ሥርዓት መዝገብ ነው፣ ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ ማለት ይቻላል አስቀምጠዋቸዋል፣ ሆን ብለው ይመስለኛል።

ልጆቹ እንደ አባታቸው አልሆኑም። አንዱ በ514 ተገደለ፣ ሌላው ከፋ፣ በ510 ስፓርታ በምትባለው በሌላዋ የግሪክ ከተማ ጦር ተባረረ። ከዛ ክሊስቴኔስ የሚባለው መጣ፣ እሱም ባላባት ነው፣ ከሌላ ባላባት ጋር ሲቀማማ መሸነፉን ሲያይ ነው ወደ ሕዝቡ የዞረው፣ ይሄን መርሳት የለብንም። ተቃዋሚው የስፓርታን ንጉሥ ጠራ፣ የስፓርታው ንጉሥ ጥቂት ወታደር ይዞ ገባ፣ ሕዝቡ ደግሞ ያለ መሪ (ክሊስቴኔስ ያኔ ስደት ላይ ነው) ተነስቶ አክሮፖሊስ ላይ ሁለት ቀን ከበባቸው፣ በሦስተኛው ቀን በስምምነት ውልቅ ብለው ሄዱ። 508 ነው እንግዲህ። ክሊስቴኔስ ሲመለስ አገሩን በ139 ቀበሌ ከፋፈለው፣ ቀበሌዎቹን ከባሕር ዳር፣ ከከተማና ከመሃል አገር እያቀላቀለ 10 ነገድ አደረጋቸው፣ ከየነገዱ 50 ሰው ወጥቶ የ500 ሰው ምክር ቤት ሆነ። የድሮዎቹን አራት ነገዶች ትቶ ነው ይሄን ያደረገው፣ አንዱ ባላባት ዘመዶቹን ሰብስቦ አንድ አካባቢ እንዳይይዝ። ተንኮሉ ጥሩ ተንኮል ነበር።

አሁን እኔ የምወደው ቦታ ደረስን። ከጦር አዛዦችና ከጥቂት ሹመቶች በቀር ሁሉንም በዕጣ አደረጉት። እንደኛ ዕቁብ በሉት፣ ልዩነቱ የሚወጣው ብር ሳይሆን ወንበር መሆኑ ነው። ለፍርድ የሚቀመጡት ሰዎች በየዓመቱ 6000 ናቸው፣ ማን የትኛው ችሎት እንደሚገባ የሚታወቀው በዛኑ ቀን ጠዋት ነው፣ ስማቸው የተቀረጸበትን ታርጋ መሰል ነገር ብዙ ስንጥቅ ያለው የድንጋይ ሰሌዳ ላይ ይሰኩታል፣ በጎኑ ባለው ቱቦ ጥቁርና ነጭ ኳስ ይለቃሉ፣ ነጭ የወጣለት መስመር ይገባል፣ ጥቁር የወጣለት እቤቱ። ዳኛውን ማታ ሄዶ ጉቦ ልስጥህ ማለት አይቻልም፣ ዳኛው ራሱ ነገ ዳኛ መሆኑን አያውቅማ!

ሹመት የጨረሰ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ እቤቱ አይሄድም። ኦዲት አለ። በዕጣ የወጡ 10 ሒሳብ መርማሪዎች መዝገቡን ይቀበሉታል፣ ከሱ በኋላ ሌሎች ሹሞች ገበያ ላይ ይቀመጡና ማንም አላፊ አግዳሚ በሹሙ ላይ ቅሬታ ካለው በነጭ ቀለም በተለቀለቀ ሰሌዳ ጽፎ ይሰጣቸዋል፣ ስሙን፣ የተከሳሹን ስም፣ ጥፋቱን፣ ይገባዋል የሚለውን ቅጣት። ሒሳቡ እስኪጣራ ሹሙ ከአገር መውጣት አይችልም፣ ኑዛዜ እንኳን መጻፍ አይችልም። አንድ ሳንቲም ያልነካ ሹምስ? እሱም ያቀርባል፣ «ከከተማው ገንዘብ የተቀበልኩትም ያወጣሁትም የለም» ብሎ በጽሑፍ። ባዶ ሪፖርት ማለት ነው። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ በሥራ ዘመኔ ባዶ ሪፖርት አምጡ ስል ስንት ሰው ተቆጥቶኛል፣ ገንዘብ ካልነካሁ ምን ላቅርብ እያለ።

ትልልቆቹም አልቀረላቸውም። ፋርሶች የተሸነፉበት የማራቶን ጦርነት ጀግና ሚልቲያዲስ ጦርነቱ ባለፈ በዓመቱ አንድ ዘመቻ አበላሽቶ ሲመለስ 50 ታለንት፣ ከባድ ገንዘብ ነው፣ ተቀጣና ሳይከፍል በቁስሉ ሞተ፣ ልጁ ከፈለለት። 15 ዓመት በተከታታይ ጄኔራልነት የተመረጠው ፔሪክሊስ በ430 ከሹመቱ ወርዶ ገንዘብ ተቀጣ፣ ቆየት ብለው መልሰው መረጡት።

ደሞ ካዝናው። የምክር ቤቱና የጉባኤው ሊቀመንበር በየቀኑ ነበር የሚቀየረው፣ ልክ ነው፣ በየቀኑ፣ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ፀሐይ መጥለቅ። ገንዘቡና መዝገቡ የሚቀመጥበትን የቤተ መቅደሱን ቁልፍና የመንግሥቱን ማኅተም ያቺን ሌሊትና ቀን እሱ ነው የሚይዘው፣ በዕድሜው ደግሞ አይደግመውም። እስቲ አስቡት፣ ጫማ ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ ዓሣ ሻጭ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሌሊት የአገር ቁልፍ ትራሱ ሥር አድርጎ ያድራል፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደው አይመስለኝም።

የድንጋይ ጠራቢው ልጅ ሶቅራጥስም በ406 ዕጣው ደርሶት ምክር ቤት ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ ጉባኤው አብዷል። በባሕር ጦርነት ያሸነፉ ጄኔራሎች በማዕበል ምክንያት የሰጠሙትን ሰዎች አላወጣችሁም ተብለው ሁሉም ባንድ ድምፅ ይገደሉ ተባለ፣ ሕጉ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይዳኝ ነበር የሚለው። ከሰብሳቢዎቹ መሃል እምቢ ያለው ሶቅራጥስ ብቻ ነው፣ እንዲያውም የቀኑ ሊቀመንበር እሱ ነበር የሚሉ አሉ። አልሰሙትም፣ እጃቸው የገቡትን ስድስቱን ገደሉ፣ በኋላ ተጸጸቱ። ስለዚህ ጸሐፊያችሁ ዴሞክራሲ መጣ ብሎ ነጥብ ሲያኖር እኔ እዚህ ጋ ብዕሬን አነሳሁ። ንጉሥ የሚከሰስበት አገር ንጹሕ ሰውም የሚከሰስበት ሆነ። ሴቶቹ ድምፅ የላቸውም፣ ባሪያው የለውም፣ ከሌላ ከተማ መጥቶ እዛ የወለደና የከበደ ነጋዴም የለውም፣ ጉባኤው የሚቀመጥበት ኮረብታ የሚይዘው 6000 ሰው አካባቢ ነው።

ማጭበርበርም ነበር። በዓመት አንዴ ካስፈለገ ሕዝቡ የአንድ ሰው ስም ሸክላ ስባሪ ላይ ይጽፍና 6000 ስባሪ ከተሰበሰበ ብዙ ስም የወጣበት ሰው ለ10 ዓመት ከአገር ይወጣል፣ ንብረቱ አይነካም፣ ክስም የለበትም፣ በቃ ገዝፈሃልና ትንሽ ራቅ በል ነው። ታዲያ አክሮፖሊስ ሥር ከነበረ ጉድጓድ ቴሚስቶክሊስ የሚል የአንድ ትልቅ መሪያቸው ስም የተጻፈባቸው 190 ስባሪዎች ወጡ፣ አጥኚዎች የእጅ ጽሑፉን ሲያዩት የጻፉት 14 ሰዎች ብቻ ናቸው። አስቀድመው አዘጋጅተው ለሕዝቡ ሊያድሉ ነበር ማለት ነው። ኮፒ ፔስት የዛሬ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ስለ ስፓርታም አንድ ነገር ልበል፣ ጽሑፋችሁ ስፓርታን «ንጉሣዊ» ብሎ ስላለፋት። ንጉሣዊ ናት እንዴ? ንጉሦቿ ሁለት ናቸው፣ ከሁለት ቤት፣ ባንድ ጊዜ። በላያቸው ላይ በየዓመቱ የሚመረጡ አምስት ኤፎሮስ የሚባሉ ተቆጣጣሪዎች አሉ፣ ንጉሥ ሲገባ ሰው ሁሉ ይነሳል እነሱ አይነሱም። በየወሩ መሐላ አለ፣ ንጉሡ በሕጉ እገዛለሁ ይላል፣ ኤፎሮሶቹ በከተማው ስም አንተ መሐላህን እስከጠበቅህ እኛም ንግሥናህን እንጠብቃለን ይላሉ። በየወሩ የሚታደስ የሥራ ውል በሉት። ሊዮቲኪዳስ የሚባለው ንጉሣቸው ቴሳሊ ዘምቶ ጉቦ በላ፣ የብር ገንዘብ የተሞላ የልብስ እጅጌ ላይ ተቀምጦ ድንኳኑ ውስጥ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ በስደት ሞተ። ሌላው አርኪዳሞስ ደግሞ አጭር ሴት አገባህ ተብሎ መቀጣቱን የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፎታል፣ ንጉሥ ሳይሆን ንጉሥዬ ልትወልድልን ነው ብለው። ይሄኛው በዛ። ከሁሉ የምወደው ግን ቴዎፖምፖስ ስለሚባለው ንጉሥ የሚነገረው ነው። ኤፎሮሶቹ በሱ ዘመን ሲቋቋሙ ሚስቱ ከአባትህ ከተቀበልከው ያነሰ መንግሥት ለልጆችህ ስታወርስ አታፍርም ወይ አለችው፣ እሱም አላፍርም፣ የማወርሳቸው ይበልጥ የሚቆይ ነው አላት። እውነቱን ነው፣ የስፓርታ ሁለት ነገሥታት ሌሎቹ ግሪኮች ንግሥናን ከረሱ ከስንት መቶ ዓመት በኋላም ነበሩ።

ሮምን ባጭሩ። እነሱ ከአቴንስ በተቃራኒ ነው የሄዱት። በትውፊታቸው 509 ላይ ንጉሣቸውን በእርግጥም አባረሩ፣ ቆንስል የሚባሉ ሁለት የበላይ ሹሞች በየዓመቱ መረጡ፣ ንጉሥ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ አደረጉት፣ ቄሳር ዘላለማዊ አምባገነን ሲባል በ44 በጩቤ ወጉት። ከዛ አውግስጦስ መጣ። ንጉሥ አልተባለም፣ ቆንስሎቹ አሉ፣ ሴኔቱ አለ፣ ምርጫው አለ፣ ሁሉም ነገር አለ፣ ጦሩና ገንዘቡ ግን እሱ ጋ ነው። አቴንስ ላይ ስሙ ተርፎ ሥልጣኑ ሄደ፣ ሮም ላይ ስሙ ሄዶ ሥልጣኑ ተረፈ። የቄሳርን ለቄሳር የምንለው እንግዲህ ንጉሥ ነኝ ብሎ ለማያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ በሚቀጥለው እትም ያንን «የመንግሥት ዓይነቶች» የሚለውን ሰንጠረዥ ብታስተካክሉት፣ ስፓርታን ከፈርዖን ጋር ባንድ ረድፍ ማስቀመጥ አይሆንም። የዕጣ ሰሌዳውን ፎቶም ብታወጡት ደስ ይለኛል፣ አቴንስ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ በቃል ከማስረዳት ማየቱ ይሻላል።

እኔ እሁድ የዕድር ስብሰባ አለብኝ። ገንዘብ ያዣችን ደግ ሰው ናቸው፣ ማንም ክፉ አይናገራቸውም፣ ግን ሒሳብ ካቀረቡ አራት ዓመት ሆናቸው፣ የሚጠይቅም የለም። ያቺን የአቴንስ አንድ መስመር ሪፖርት በትልቁ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ፣ የተቀበልኩትም ያወጣሁትም የለም የምትለዋን። ይፈርሙባት እንደሆነ እሁድ ይታያል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ